የሦስት ዓመት እሑዶች

ታክሲ ነጂ ስለ ታሪፍና ስለ ትራፊክ ቅጣት ይጻፍ እንጂ ስለ ሒሳብ ምን አገባው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዛሬ የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ከመሪው ነው። ከዚያ በፊት ግን አገር ቤት በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። የምጽፈው ስለ ትልልቅ ቁጥሮች ታሪክ ቢሆንም፣ ነገሩን እንድከታተል ያደረገኝ በዚያ ክፍል ውስጥ የሠራሁት ስሕተት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ስለ ብቸኛ ቁጥሮች እያስተማርኩ ነበር። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው፣ እኛ መምህራን በእንግሊዝኛው ፕራይም የምንለው፣ ከ1 በላይ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ በምንም ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈለው ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይቀጥላል። እኔም ሰሌዳው ላይ አንድ የሚያምር ነገር ጻፍኩ። ሁለት ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ 3 ይሆናል። ሦስት ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ 7 ይሆናል። አምስት ሁለቶች 31፣ ሰባት ሁለቶች ደግሞ 127 ይሰጡናል። 2፣ 3፣ 5 እና 7 ብቸኛ ናቸው፤ የተገኙት 3፣ 7፣ 31 እና 127ም ብቸኛ ናቸው። «እንግዲህ የሁለቶቹ ብዛት ብቸኛ ቁጥር ከሆነ ውጤቱም ዘወትር ብቸኛ ይሆናል» ብዬ ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ በ11 አይሠራም። 2,047 ነው የሚመጣው፤ 2,047 ደግሞ ለ23 ይካፈላል።» ደወል ሊደወል ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ክፍሉም መሣቅ ጀመረ። እኔ ምን አልኩ? «ቁጭ በል፣ ትምህርት አትረብሽ» አልኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ 23ን በ89 አባዛሁ። 2,047 መጣ። በማግሥቱ ክፍል ገባሁና ስለ ሌላ ምዕራፍ አስተማርኩ።

ከዓመታት በኋላ በስደት አገር፣ በአውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰዓታት መቀመጥ ሲመጣ፣ የቁጥሮችን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው እኔ የሠራሁትን ስሕተት ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች አስቀድመው እንደ ሠሩት የተረዳሁት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእኔ ተማሪ ያለውን ነገር ሁዳልሪከስ ሬጊየስ የተባሉ ሰው በ1536 ጽፈውታል፤ 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው ብለው።

ለመሆኑ ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ቁጥር ለምን ይህን ያህል ተጨነቁ? ነገሩ የሚጀምረው ከጥንቶቹ ግሪኮች ነው። እነሱ «ፍጹም» የሚሏቸው ቁጥሮች ነበሩ። 6 ለ1፣ ለ2 እና ለ3 ይካፈላል፤ 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ ተመልሰው 6 ይሆናሉ። 28ም እንዲሁ ነው። ዩክሊድ እንዳረጋገጠው፣ ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመቀነስ ብቸኛ ቁጥር በተገኘ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥርም አብሮ ይገኛል፤ 7 በ4 ሲባዛ 28፣ 31 በ16 ሲባዛ 496፣ 127 በ64 ሲባዛ 8,128። ስለዚህ ፍጹም ቁጥር የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ እነዚህን ብቸኛ ቁጥሮች መፈለግ ነበረበት።

ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ በ1588 የ17 እና የ19 ሁለቶችን ውጤት፣ ማለትም 131,071ን እና 524,287ን፣ በትንንሾቹ ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ እያካፈሉ ፈትነው ብቸኛ መሆናቸውን አረጋገጡ። ትልቅ ሥራ ነው። ቀጥለው ግን 23፣ 29፣ 31 እና 37ም ብቸኛ ቁጥር ይሰጣሉ አሉ። ከአራቱ ትክክል ሆኖ የተገኘው 31 ብቻ ነው። ሠርተው የተናገሩት ጸና፤ ሳይሠሩ የተናገሩት ፈረሰ።

በ1644 ደግሞ በፓሪስ ይኖሩ የነበሩት መነኩሴ ማሪን መርሴን አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። አባ መርሴን የዘመኑ ሊቃውንት ፖስታ ቤት ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከዴካርትም ከፈርማም ጋር ይጻጻፉ ነበር። በመጽሐፋቸው መግቢያ ላይ፣ እስከ 257 ድረስ ብቸኛ ቁጥር የሚያስገኙት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው ብለው ጻፉ። 11 በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ልብ በሉ፤ ከእኔ ይሻላሉ ማለት ነው። ነገር ግን የ67 ሁለቶች ውጤት 21 አሃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን በዚያ ዘመን እሱን ሊፈትን የሚችል ሰው አልነበረም። መርሴን ራሳቸው የ15 ወይም የ20 አሃዝ ቁጥርን ለመፈተን ዘመን ሁሉ አይበቃም ብለዋል። ይህን እያሉ ዝርዝሩን እንዴት ሊጽፉ ቻሉ? ግምት ነው እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ያም ሆኖ ዝርዝሩ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሲጠቀስ ኖረ፤ ቁጥሮቹም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። እኔም ከዚህ በኋላ ለአጭሩ መርሴን 67፣ መርሴን 127 እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

ከዝርዝሩ መርሴን 31ን የፈተኑት ሌዎናርድ ኦይለር ናቸው። በ1772 ዓይናቸው ማየት ተስኖት በነበረበት ጊዜ፣ 2,147,483,647 ብቸኛ መሆኑን አረጋገጡ። እንደ ካታልዲ በሁሉም ቁጥር ማካፈል አላስፈለጋቸውም። የመርሴን 31 አካፋይ ካለ፣ ያ አካፋይ ለ62 ሲካፈል ቀሪው የግድ 1 መሆን አለበት። ሌላው ሁሉ ያለ ምንም ሙከራ ይወድቃል። (አንባቢ ደንቡን በእኔ ተማሪ ቁጥር መሞከር ይችላል፤ ለ11 ሁለቶች ደንቡ 22 ነው። 23ም 89ም ለ22 ሲካፈሉ 1 ይተርፋል።) በ1811 እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው፣ እነዚህ ቁጥሮች ለመገረም እንጂ ለጥቅም ስላልሆኑ ከኦይለር ቁጥር የሚወለደውን ፍጹም ቁጥር አልፎ የሚሄድ ሰው አይኖርም ብለው ጻፉ። የሰው ልጅን አላወቁትም።

አልፎ የሄደው የሁለተኛ ደረጃ መምህር መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ኤዱዋር ሉካስ በፈረንሳይ ሊሴዎች ያስተማሩ ሰው ናቸው። በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት የመድፈኛ መኮንን ሆነው ተዋግተዋል። ቀለበቶችን ከአንድ እንጨት ወደ ሌላው የማዛወሩን፣ የሃኖይ ግንብ የሚባለውን ጨዋታ ለዓለም ያስተዋወቁትም እሳቸው ናቸው። የጨዋታው መፍቻም ያው የመርሴን ቁጥር ነው፤ ሦስት ቀለበት 7 ጊዜ፣ አምስት ቀለበት 31 ጊዜ ማዛወር ይጠይቃል። አሟሟታቸው ያሳዝናል። በ1891 በአንድ ግብዣ ላይ የተሰበረ ሳሕን ስባሪ ጉንጫቸውን ቆረጣቸው፤ ቁስሉ መርዞ በ49 ዓመታቸው ሞቱ።

ሉካስ በ1876 ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ መርሴን 127 ብቸኛ መሆኑን አረጋገጡ። ቁጥሩ ይህ ነው፤ 170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727። 39 አሃዝ አለው። እስከ 1951 ድረስ፣ ለ75 ዓመታት፣ በሰው ልጅ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር። ሁለተኛ፣ መርሴን 67 ብቸኛ እንዳልሆነ አሳዩ። ግን እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። የእነ እገሌ ብዜት ነው አላሉም፤ አካፋዮቹን አያውቋቸውም ነበር።

አካፋዩን ሳያውቁ ይካፈላል ማለት እንዴት ይቻላል? ይህን ለመረዳት ሉካስ የጀመሩትንና አሜሪካዊው ዴሪክ ሌህመር በ1930 ያቃኑትን ፈተና ማየት ያስፈልጋል። እርሳስ ያለው አንባቢ አብሮኝ ይሥራ። ከ4 እንነሣ። ቁጥሩን በራሱ እናባዛና 2 እንቀንስ። ውጤቱ ከምንፈትነው ቁጥር ከበለጠ እናካፍለውና ቀሪውን ብቻ እንያዝ። የሁለቶቹ ብዛት ሰባት ከሆነ ስድስተኛው ላይ፣ አሥራ አንድ ከሆነ አሥረኛው ላይ እንቁም። የቆምንበት 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም።

127ን እንፈትን። መጀመሪያ 4፤ ቀጥሎ 14። 14 በራሱ ሲባዛ 196፣ 2 ሲቀነስ 194፣ ለ127 ሲካፈል ቀሪው 67። በዚሁ መንገድ 42፣ ከዚያ 111። 111 በራሱ 12,321፤ 2 ሲቀነስ 12,319፤ ይህም ልክ 127 በ97 ነው፤ ቀሪ 0። ስድስተኛው ላይ ዜሮ መጣ፤ 127 ብቸኛ ነው።

አሁን 2,047ን እንፈትን፤ 4፣ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1,877፣ 240፣ 282፣ 1,736። አሥረኛው 1,736 እንጂ 0 አይደለም። እንግዲህ 2,047 ብቸኛ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መንገድ 23 የት አለ? 89ስ? የሉም። ፈተናው «ይህ ሰው እውነት አይናገርም» ይላል እንጂ እውነቱ ምን እንደሆነ አይነግረንም። ሉካስም በመርሴን 67 ላይ የደረሱት እዚህ ድረስ ነው። መርሴን መሳሳታቸው ታወቀ፤ አካፋዮቹ ግን 27 ዓመት ሙሉ ሳይገኙ ቆዩ።

ኦክቶበር 31 ቀን 1903 በኒውዮርክ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ነበረ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ፍራንክ ኔልሰን ኮል ተራቸው ደረሰ። ታሪኩን የተረኩልን ኤሪክ ቴምፕል ቤል እንደሚሉት፣ ኮል አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ሰሌዳው ሄዱና 67 ሁለቶችን እያባዙ 1 ቀነሱ፤ 147,573,952,589,676,412,927 መጣ። ከዚያም ወደ ባዶው የሰሌዳ ክፍል ተሻግረው 193,707,721 ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ 761,838,257,287። ልክ እኛ አራተኛ ክፍል እንደምንሠራው፣ በእጅ፣ መስመር በመስመር አባዙት። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ኮል ጠመኔውን አስቀምጠው ዝም እንዳሉ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ስብሰባውም አጨበጨበ። ቤል በኋላ፣ ይህን ለማግኘት ስንት ጊዜ ወሰደብዎ ብለው ቢጠይቋቸው «የሦስት ዓመት እሑዶች» የሚል መልስ አገኙ ይባላል።

ቤል ታሪክ ማሳመር የሚወዱ ጸሐፊ ስለነበሩ ዝምታውንም ጭብጨባውንም በጥቂቱ ቅመም ጨምረውበት እንደሆነ እንጃ። ብዜቱ ግን ቅመም አያስፈልገውም። የተጠራጠረ ሰው ወረቀት አውጥቶ ያባዛ። የኦይለርን ደንብም ይሞክር፤ ለ67 ደንቡ 134 ነው፤ 193,707,721 ለ134 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ በደረሰኝ ጀርባ ላይ።

እሑድን ሳስብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ኮል በሌላው ቀን የሚያስተምሩ፣ የማኅበሩን የጸሐፊነት ሥራ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ለዚህ ቁጥር የተረፋቸው እሑድ ነበር። ከመርሴን ዝርዝር ውስጥ የጎደሉትን ያገኙት ሰዎች ኑሮም ተመሳሳይ ነው። መርሴን ሦስት ቁጥሮችን ዘለዋል፤ 61፣ 89 እና 107ን። መርሴን 61ን በ1883 ያገኙት ኢቫን ፔርቩሺን፣ በሩሲያ በኡራል አካባቢ በገጠር ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። ቁጥሩ 2,305,843,009,213,693,951 ነው። ከቅዳሴና ከፍትሐት በተረፋቸው ሰዓት ይህን የሠሩ ሰው ናቸው። መርሴን 89ን በ1911፣ መርሴን 107ን በ1914 ያገኙት ራልፍ ፓወርስ ደግሞ በኮሎራዶ የባቡር ኩባንያ ተቀጣሪ ነበሩ። ዝርዝሩ በሙሉ ተጣርቶ ያለቀው በ1947 ነው፤ 257ም ከ67 ጋር ወደቀ። በጠቅላላው አምስት ስሕተት፤ ለማረም ሦስት መቶ ዓመት።

ተሳፋሪዎች ሒሳብ አስተማሪ እንደነበርኩ ሲሰሙ አንዳንዶቹ ስለ ታክሲ ቁጥር 1,729 ይነግሩኛል። እንግሊዛዊው ሃርዲ ታሞ የተኛውን ሕንዳዊውን ራማኑጃንን ሊጠይቁ በዚያ ታክሲ ሄዱና ቁጥሩ ምንም አይስብም ቢሉ፣ ራማኑጃን ከአልጋው ሆኖ በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሁለት ኩቦች ድምር የሚሆን ትንሹ ቁጥር ነው ብሎ መለሰላቸው። እኔም እመልስላቸዋለሁ፤ 1,729 የ7፣ የ13 እና የ19 ብዜት ስለሆነ ብቸኛ አይደለም። ስለ ሾፌሩ ግን ሃርዲ ምንም አልነገሩንም።

የቀረውን ዘመን ባጭሩ ልለፈው፤ ከዚህ ወዲያ የሚሠራው ማሽን ነውና። ጃንዋሪ 30 ቀን 1952 በሎስ አንጀለስ ስዋክ የተባለ ኮምፒዩተር፣ ራፋኤል ሮቢንሰን በጻፉለት መመሪያ፣ በአንድ ቀን መርሴን 521ንና መርሴን 607ን አገኘ። በ1978 በካሊፎርኒያ ሎራ ኒክል እና ላንደን ከርት ኖል የተባሉ የ18 ዓመት ወጣቶች መርሴን 21,701ን አገኙ፤ 6,533 አሃዝ። በ1996 ጆርጅ ዎልትማን የሚባሉ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ ማንም ሰው በቤቱ ኮምፒዩተር በትርፍ ጊዜ ፍለጋውን የሚቀላቀልበትን ማኅበር መሠረቱ። በ2017 መጨረሻ ላይ ከ23 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ያለውን ቁጥር ያገኘው ጆናታን ፔስ በቴኔሲ የሚኖር የዕቃ ማመላለሻ ኩባንያ ሠራተኛ ሲሆን፣ ከ14 ዓመት በላይ ሲፈልግ ኖሯል። አንድ የሚያስቅም አለ። በ2015 ሴፕቴምበር ወር አንድ ኮምፒዩተር ሪኮርድ የሰበረ ቁጥር አግኝቶ ነበር፤ መልእክቱ ሳይደርስ ቀርቶ እስከ ጃንዋሪ 2016 ድረስ አንድም ሰው አላየውም። የተገኘበት ቀን ሆኖ የተመዘገበው ሰው ያየበት ቀን ነው።

በ2024 ኦክቶበር ወር የተገኘው 52ኛው ነው። የ136,279,841 ሁለቶች ብዜት ሲቀነስ 1። ያገኘው ሉክ ዱራንት በ17 አገሮች የተዘረጉ ኮምፒዩተሮችን ተከራይቶ ነበር፤ ፍንጩን የሰጠው ማሽን ደብሊን፣ አየርላንድ ውስጥ ነው። ቁጥሩ 41,024,320 አሃዝ አለው። በሰከንድ አንድ አሃዝ ብናነብ፣ ሳንበላ ሳንተኛ፣ 474 ቀን አልፎም አናበቃም። ያጸደቀው የመጨረሻ ፈተና ያው ነው፤ ከ4 ተነሣ፣ በራሱ አባዛ፣ 2 ቀንስ። የሊሴው መምህር መንገድ።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ፣ ባርሎው የማያውቁትን አንድ ነገር ልናገር። ኮል ያን ብዜት ለማሳየት አንዲት ስብሰባ በቃቻቸው፤ ለማግኘት ግን ሦስት ዓመት ፈጀ። ማባዛት ቀላል፣ መፍታት ከባድ። በ1977 ሪቬስት፣ ሻሚር እና ኤድልማን የተባሉ ሦስት ሰዎች በዚህ ልዩነት ላይ የምስጢር መቆለፊያ ሠሩ። ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን አባዝቶ ብዜቱን ለሁሉም መስጠት፣ ሁለቱን ግን መደበቅ ነው። የባንክ ካርዶችም ከዚህ መቆለፊያ ተጠቅመዋል። የመርሴን ቁጥሮች እራሳቸው ለዚህ አይሆኑም፤ ዓለም ሁሉ ያውቃቸዋላ።

ባለፈው ሳምንት ሰልፍ ላይ ቆሜ የ13 ሁለቶችን ቁጥር፣ 8,191ን፣ በእጄ ልፈትን ተነሣሁ። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በሦስተኛው አሥራ አንደኛው ላይ 128 መጣልኝ። 128 በራሱ 16,384፤ 2 ሲቀነስ 16,382፤ ይህም ልክ የ8,191 እጥፍ ነው። ዜሮ! ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩምባውን ነፋብኝ፤ ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ነበር።

ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ በየትኛው አገር እንዳለ አላውቅም። ስሙን አስታውሳለሁ፤ ሳያስፈቅዱት መጻፍ ግን ተገቢ አይደለም። ምናልባት ይህ መጽሔት ከእጁ ገብቶ ከሆነ፦ 23 በ89 ነው፤ አንተ ልክ ነበርክ። በማግሥቱ ክፍል ስገባ ይህን ሰሌዳው ላይ መጻፍ ነበረብኝ።